ሦስት እልልታ

የተሰጠኝ ቤት ባለ ሁለት መኝታ ነው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ሕንፃው ከተመረቀ ወዲህ ሠርቶ አያውቅም። በአንደኛው መኝታ ቤት እኔ እተኛለሁ፣ በሁለተኛው ሽንኩርት አስቀምጣለሁ። ጎረቤቶቼም ያው ናቸው። አንዷ ድንች፣ አንዷ አሮጌ ፍራሽ አስቀምጣለች፣ ከበላዬ ያለችው ደግሞ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ጥላዋለች። እዚህ ያለነው ሁላችንም የሌላ ሰው ልጅ በሆዳችን ተሸክመን ያስረከብን ሴቶች ነን፤ ከእንግዲህ መውለድ የምትችል አንዲትም የለችም። ሁለተኛውን መኝታ ቤት ለማን ብሎ እንደሠራው፣ መሐንዲሱን ባገኘው በጠየቅሁት ነበር።

እሑድ እሑድ ኖላዊት ትመጣለች። ደረጃውን ወጥታ ስትደርስ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ውኃ እሰጣታለሁ፣ ትጠጣለች፣ ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። ጥያቄውን ለመረዳት ግን መንደሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

መንደሩ ከአዳማ ወጣ ብሎ ነው። በእናቴ ዘመን ሸሚዝ ይሰፋበት ነበር፤ እሷም ከኮምቦልቻ መጥታ እዚያ እጅጌ ስትሰፋ ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። በኋላ ማሽኖቹ ያለ ሰው መስፋት ቻሉ፣ ቀጥሎም ፋብሪካው ራሱ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ ሼዶቹ ጥቂት ዓመት ባዶ ቆዩና አልጋ ገባባቸው። ወለሉ ላይ የተቀባው ቢጫ ቁጥር እስከ ዛሬ አልለቀቀም። እኔና ኖላዊት መስመር ስድስት ላይ ጎን ለጎን እንተኛ ነበር። ምናልባት እናቴ ተቀምጣ የሰፋችበት ቦታ ላይ ነው የተኛሁት፤ ቤተሰባችን ከመስመር ስድስት አልወጣም ብዬ እቀልድ ነበር። ኖላዊት ብቻ ነበረች የምትስቅልኝ።

እዚያ የእኛ ስም ባለአደራ ነው። የልጁ ወላጆች ባለቤቶች ይባላሉ። ልጅ አይወለድም፣ ርክክብ ነው የሚደረገው፤ ርክክብ ደግሞ ባለቤቶቹ ለበረራቸው በሚመቻቸው ቀን፣ በቢላ ነው። ምጥ የሚባለውን ቃል አማካሪዎቹ አይወዱትም፤ «ያልታቀደ ቁርጠት» ይሉታል። ሆዳችን ላይ ቀን ከሌት ቀበቶ አለ፤ የሚፈታው ለመታጠብ ብቻ ነው። ቀበቶው የልጁን ልብ ያዳምጣል፣ ጣሪያው ደግሞ ይናገራል።

«ባለአደራ ነኢማ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ።»

በግራ ጎኔ እተኛለሁ።

ባለቤቶች ካሉበት ሆነው ምግብ ማዘዝም ይችላሉ። የእኔዎቹ አቮካዶ ይወዱ ነበር፤ እኔ አልወድም። ጠግቤያለሁ ብል ጣሪያው አቮካዶ፣ አቮካዶ እያለ ይነዘንዘኛል፤ በመጨረሻ አይኔን ጨፍኜ እውጠዋለሁ። ቡና ክልክል ነው፣ ሚጥሚጣ ክልክል ነው፣ ጾም ክልክል ነው፣ ለቅሶም ክልክል ነው፤ ኀዘን በደም ይተላለፋል ይላሉ። መስመር ሁለት ላይ እናቷ ሞታ ሳትቀብር የቀረች ልጅ ነበረች። ያን ሳምንት ሙሉ ጣሪያው «ባለአደራ፣ ፈገግ በይ» ይላት ነበር። ፈገግ ትላለች፤ ምን ታድርግ።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን የድምፅ ሰዓት ይጀምራል። ባለቤቶቹ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን መሆን ስለሚፈልጉ የየአልጋው መጋረጃ ይዘጋል፣ ካሜራውም ፊቱን ያዞራል፣ ቀበቶዎቹ በየቋንቋቸው ማውራት ይጀምራሉ። ቻይንኛ፣ ዓረብኛ፣ እኔ የማላውቀው ሌላም ብዙ። ይስቃሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ተረት ያነባሉ። ሴቲቱ ከመጋረጃዋ ውስጥ ዝም ብላ ተኝታ ሆዷ ሲወራለት ትሰማለች። የቤት ባለቤት እንግዳ ሲያናግር በሩ ምን ይሰማዋል? እኔ ያን ነበር የሚሰማኝ። ኖላዊት ግን የባለቤቶቿን እሹሩሩ አንድም ቃል ሳይገባት ከነዜማው ይዛው ነበር፤ ልብስ ስታጥፍ ታንጎራጉረዋለች።

የመጣነው ሁላችንም ለቤት ነው። ሦስት ርክክብ ያደረገች ሴት ኮንዶሚኒየም ይሰጣታል። የድሮውን ዕጣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀው ሳይደርሳቸው የሞቱ ወላጆች ያሳደጉን ስለሆንን፣ ይህ ለእኛ ፍትሕ ይመስለን ነበር። ኖላዊት ባሏን ሶፎንያስን ትታ የመጣችው በዚህ ነው። የሚኖሩት ከሰው ግቢ በተከራዩት አንዲት ክፍል ነበር፤ አከራያቸው ደግሞ ልጅ ያለው ተከራይ አይወድም። ቤቱ ይገኝ፣ ከዚያ እንወልዳለን ተባብለዋል።

«የእኔ ተራ ከቤቱ በኋላ ነው» ትለኝ ነበር፣ ወረፋ እንደያዘች ሴት።

የመጀመሪያውን አስረከበች። የሁለተኛው ግን በስድስት ወሩ ባለቤቶቹ ተፋቱ፤ ማናቸውም አልፈልግም አሉ፣ ሆዷ ተከፍቶ እርግዝናው እንዲቆም ተደረገ። ይቁም አይቁም ብሎ የጠየቃት የለም። አምስት ቀን ከግድግዳው ጋር ስታወራ ሰነበተች፣ ከዚያ ተነሥታ ሦስተኛውን ጀመረች። ቆጠራዋ ውስጥ የተበላሸ ነገር እንዳለ የገባት ሦስተኛው ስምንት ወር ካለፈው በኋላ ነው። አማካሪያችን ሶልያና መጥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሶልያና ጥርሷ የሚያምር፣ ሁላችንንም «እህቴ» የምትል ልጅ ነበረች።

«እህቴ፣ ቀንሽ ተቆርጧል። እንዲያውም በአንድ ቀዶ ጥገና ሁለቱም ያልቅልሻል።»

«ሁለቱም ማለት?»

«ርክክቡና መዝጋቱ። ማህፀን ሦስት ጊዜ ከተከፈተ በኋላ አደገኛ ነው። ለራስሽ ደህንነት ይዘጋል።»

ኖላዊት ቀስ ብላ ቀና አለች። «ሦስተኛዬ አይደለም እኮ። አንዱ ቆሟል። ለቤቱ አይቆጠርም ብላችሁኛል።»

«ለቤቱ አይቆጠርም። ለቤቱ የሚቆጠረው ርክክብ ነው።»

«እና ይሄ ስንተኛዬ ነው?»

«ለቤቱ ሁለተኛሽ፣ ለመዝጋቱ ሦስተኛሽ።»

«ከተዘጋሁ በኋላ ሦስተኛውን በምን ልሸከም?»

ሶልያና የአንሶላውን እጥፋት አስተካከለች። «ምግብና ሕክምና ሳይጓደልብሽ ኖረሻል፣ እህቴ» አለች። «እሱንም አስቢው።»

አሰበችው። ቤቱም ቀርቷል፣ ተራዋም ቀርቷል። ጥላ እንዳትወጣ በሆዷ ያለው የባለቤቶች ነው፤ ይዛው ከበሩ ብትወጣ ጠለፋ ይባላል። እኔ አፌ ስለማያርፍ አብረን እንጮሃለን፣ ክስ እንመሠርታለን እያልኩ ቀባጠርኩ። እሷ ግን የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሚቆጥሩት ቢላውን ከሆነ፣ ያለ ቢላ ከወለደች ሦስተኛ አይሆንባትም። ቀኑ ሳይደርስ ምጡ ቢመጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንደማንኛዋም ሴት ብትወልድ፣ ማህፀኗ አይዘጋም። ቤቱ ቢቀር እንኳ ተራዋ አይቀርም።

ይህን የነገረችው ለእኔና ለእማማ ፌቨን ነው። እማማ ፌቨን ሼዱን የሚጠብቁ አሮጊት ነበሩ፤ አንሶላ ይቀይራሉ፣ የታመመች ይደግፋሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። በእሳቸው ልጅነት ፌቨን የዘመናዊ ቆንጆ ስም ነበር ይላሉ። አራት ልጅ ወልደዋል፤ እዚያ ሼድ ውስጥ ምጥ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«እኔ አዋላጅ አይደለሁም፣ ልጄ» አሏት። «አንቺ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተቀደድሽ ነሽ። ስትገፊ ቢተረተርስ?»

«ቢተረተርም የእኔ ነው፣ እማማ።»

 እማማ ፌቨን የራስ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አጥብቀው አሰሩ። እሺ ማለታቸው እንደሆነ ገባን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኖላዊት መራመድ አበዛች። ጣሪያው «ባለአደራ ኖላዊት፣ በቂ ነው» ሲላት ትቀመጣለች፣ ዝም ሲል ትነሣለች። ለተቆረጠላት ቀን አሥር ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ፣ አልጋዬን በእግሯ ነካችው። ፊቷ ላብ በላብ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብተን ቀበቶዋን ፈታች፣ እኔም ከራሴ ቀበቶ በታች ታጠቅሁት። ማሽኑ ከአንድ ሆድ ሁለት ልብ አገኘ፤ ሁለቱም ልቦች እኩል ይሄዳሉ፣ እኩል ያርፋሉ። ምንም አልገረመውም። ለሁለታችንም አረንጓዴ አበራ።

ያን ቀን እኔ ሁለት ቀበቶ ታጥቄ አንሶላ ተከናንቤ ዋልኩ። እሷ ራስ ምታት ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች፤ የአንሶላውን ጠርዝ ስትነክስ አይቻለሁ። በምሳ ሰዓት ወሬው በመስመር ስድስት ያለ ድምፅ ዞሮ አልቋል። ማንም ምንም አልተናገረም። ግን ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ በአልጋዋ በኩል ወደ መጸዳጃ ቤት ማለፍ ጀመሩ፣ ሲያልፉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ማርያም ማርያም ይሉ ነበር፣ ያለ ድምፅ። በደጉ ጊዜ ቢሆን በሩ ላይ ተሰብስበው ጮክ ብለው ነበር የሚሏት፣ ገንፎም ይገነፋ ነበር። እኔም የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን መጋረጃው ተዘጋ። እማማ ፌቨን አንሶላ ታቅፈው ወደ ኖላዊት ገቡ። እኔ ሁለቱ ቀበቶዎች ስላሉብኝ ከአልጋዬ መነሣት አልችልም፤ በመካከላችን ያለው ያ ቀጭን መጋረጃ ብቻ ነው። ቀበቶዎቹ ማውራት ጀመሩ። ሴቶቹ እየተጠቃቀሱ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ ሼዱ እንደ አውቶብስ ተራ ተናጋ። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዷ ተረት ታነባለች፣ አንዱ ሽማግሌ ይመርቃል መሰለኝ። የኖላዊት ባለቤቶች እሹሩሩ ከእኔ ሆድ ላይ ይወጣል፤ የእኔዎቹም በላዩ ላይ ያወራሉ። ውስጤ ያለው ልጅ ከሁለት ወገን ሲጠራ ግራ ገብቶት ይገላበጥ ነበር። ልጃቸው ከእኔ የክንድ ርቀት ላይ እየተወለደ፣ እነሱ ለሌላ ሰው ልጅ ይዘፍናሉ።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የኖላዊትን ሲቃ ለይቼ እሰማ ነበር። አንድ ጊዜ «እማማ፣ ልቤ ሄደ» አለች።

«ያዢኝ። እጄን ያዢኝ፣ የኔ ልጅ። መጣ፣ መጣ፣ አይዞሽ።»

ከዚያ ኖላዊት ዝም አለች። ፈራሁ። እጄን በመጋረጃው ሥር ሰድጄ የአልጋዋን እግር ያዝሁ፤ የአልጋ እግር ምን ያደርግልኛል? ከዚያ በእሹሩሩው መካከል ቀጭን ለቅሶ ሰማሁ። አጭር ነበረች፣ እማማ ፌቨን ወዲያው አቅፈውት መሰለኝ። ተወለደ። ቢላ ሳይነካት ተወለደ። እዚያ አንሶላ ውስጥ ሆኜ እየሳቅሁ አለቀስሁ።

የድምፅ ሰዓት ያኔ አበቃ። ቀበቶዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ።

እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር ሆኖልን ነበር። መጋረጃው እስኪከፈት ጥቂት ይቆያል፤ ባለቤቶች ሲሰናበቱ ካሜራው ቶሎ አይመለስም። እማማ ፌቨን ልጁን በአንሶላ ጠቅልለው ጎኗ ላይ አስተኝተው፣ ደሙን ጠርገው፣ ቀበቶዋንም ከእኔ ወስደው መልሰው አስታጥቀዋት፣ ተኝታ ሳለ በድንገት መጣባት ሊሉ ነበር ሐሳባችን። ግን እኚህ ሴት ሰባ ዘመናቸውን ሙሉ ልጅ ሲወለድ ያደረጉትን ነው የሚያውቁት። ጤነኛ ልጅ እጃቸው ላይ ነው፣ ቤቱም ጸጥ ብሏል። አስበውት አልነበረም። አፋቸው ብቻውን ከፈተው።

እልልልልልል።

 እኔ በልቤ ይብቃዎት እላለሁ። እልልልልልል፣ ሁለተኛ። የመስመር አራት ሴት ከመጋረጃዋ ውስጥ መነፍረቅ ጀመረች። እልልልልልል፣ ሦስተኛ።

በሩ ተከፈተ። ነጭ የለበሱ ሰዎች በሩጫ ገቡ፤ መጋረጃዎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተሰበሰቡ። አንዱ ልጁን ከነአንሶላው ከእማማ ፌቨን እጅ ወሰደና ወጣ። ያየሁት አንሶላውን ብቻ ነው። የኖላዊት አልጋ በደም ርሷል፣ እሷ ራሷን ስታለች። እኔ ሁለተኛውን ቀበቶ ትራሴ ሥር ከትቼዋለሁ። እማማ ፌቨን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «እኔ ነኝ፣ ሁሉንም ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ልጆቹ ምንም አያውቁም» ይሉ ነበር። እየደገፉ ይዘዋቸው ወጡ። የራስ ሻሻቸው ወለሉ ላይ ወድቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኔም አላየኋቸውም፣ ያያቸው ሰውም አላገኘሁም።

እኔን ማንም አልነካኝም። ቀበቶውን አግኝተውት እንኳ ዝም አሉ፤ ሆዴ ውስጥ የሰው ንብረት ስለነበር መሬት ላይ እንዳልወድቅ ደግፈው ነው ያነጋገሩኝ። ቅጣቱ በኋላ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሊሰጠኝ የነበረውን ቤት በዲሲፕሊን ቅጣት ሰባተኛ ላይ አደረጉት።

ኖላዊት ከክሊኒክ ወጥታ ልብሷን ልትወስድ የመጣችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሶልያና አብራት ነበረች። ኖላዊት ከስታለች፤ ቀሚሷ እንደ ተዋሰችው ልብስ ተንጠልጥሎባታል።

«ዘጉኝ» አለችኝ።

ሶልያና ፈጥና «ደም አላቆም ብሎ ነው» አለች። «ማህፀኑ ተቀዶ ነበር። ሕይወትሽን ነው ያተረፉት፣ እህቴ።»

ይሆናል። እማማ ፌቨንም ይህንኑ ፈርተው ነበር። ግን የከፈተው፣ ያየው፣ የዘጋውም፣ የነገረንም አንድ ወገን ነው፤ ምን ብለን እናውቃለን?

«ልጁስ? ለቤቱ ይቆጠራል?» አልኳት ሶልያናን።

«ያልታቀደ ቁርጠት ርክክብ አይደለም።»

«ባለቤቶቹ ልጁን አልወሰዱም?»

«ወስደዋል። በጣም ደስ ብሏቸዋል» አለች ሶልያና፣ በዚያ በሚያምር ጥርሷ። ስለ ልጁ ሌላ ነገር መናገር ክልክል ነው። ሴት ይሁን ወንድ ለባለአደራ አይነገርም፤ መጣበቅ ያመጣል ይላሉ።

በዚያ ሼድ ውስጥ ስንት ሴት አስረክባ ስትመለስ አይቻለሁ፤ አንዷንም ሰው የወለደች ሴት የምትባለውን ሲላት ሰምቼ አላውቅም። አልወለዱምና። እኔ ደግሞ እስላም ነኝ፣ ግን ያደግሁበት ሰፈር ያን ቃል አስተምሮኛል። ተነሣሁ፣ ሆዴ እስከሚፈቅድ አቀፍኋትና ሶልያና እየሰማች አልኳት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

 ኖላዊት እጇን ሆዴ ላይ አደረገች።

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለችኝ።

ጣሪያው «ባለአደራ ነኢማ፣ ተረጋጊ» አለ።

እነሆ አሁን እሑድ ነው፣ ኖላዊት መጥታለች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ሶፎንያስ አልተዋትም፤ ግን ማታ ማታ ብዙ አያወሩም ትላለች። ውኃዋን ጠጣች። ሁለተኛው መኝታ ቤት ገብታ ሽንኩርት መካከል ተቀመጠች፤ እዚያ መቀመጥ ትወዳለች። ትንሽ ያንን የሰው አገር እሹሩሩ አንጎራጎረች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰማሽ?»

በኖላዊትና በእማማ ፌቨን አገር ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው፣ ለወንድ ሰባት። እሷ ራሷን ስለሳተች አልሰማችም፣ አላየችም። ልጁን ያዩት እማማ ፌቨን ብቻ ናቸው። እኔ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፤ ሰባት ነው ብላት ታርፋለች፣ ሦስት ብቻ ነው፣ እዚያው አበቃ ብላትም ታርፋለች። ሁለት ስም አዘጋጅታ ነው የምትኖረው፣ አንዱን ጥላ አንዱን ትይዝ ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለእሷ የቀረላት እውነት ይህች ብቻ ናት፤ እሷንም እኔ ላበላሽባት አልችልም።

«ሦስት» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሩ ተከፈተ።»

«ሦስት ከሆነ ሴት ናት።»

«ሴት ናት» አልኩ።

«በሩ ባይከፈት ግን…»

«ባይከፈት ግን» አልኩ እኔም።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሽንኩርት በፌስታል ሞላሁላትና ያዘች፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች።